የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በብድር የተሠራ ማጣሪያ፣ በቦቴ የሚመጣ ውኃ

ባለፈው እትም ስለ ከተማ ውኃ ታሪፍ ያወጣነውን ጽሑፍ ተከትሎ ከአዲስ አበባ ዳር አካባቢዎች በርከት ያሉ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ብዙዎቹ ከቅሬታ አልፈው ሒሳብ የሚጠይቁ ናቸው፤ ብድሩ የት እንደሚገባ፣ የግል ኩባንያ ቢገባበት ምን እንደሚሆን፣ ዕርዳታው ቢቆም ማን እንደሚሸፍነው ማወቅ ይፈልጋሉ። ደብዳቤዎቹን በጥቂቱ አሳጥረንና የጠያቂዎቹን ስም ትተን እነሆ አቅርበናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቦሌ አራብሳ በሚገኝ የጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውኃ የሚመጣልን በፈረቃ ሲሆን፣ በፈረቃችን ቀን እንኳ ግፊቱ ከሁለተኛ ፎቅ አያልፍም። ሌሊት ወርደን ከግቢው ቧንቧ በጀሪካን እንቀዳለን፤ ፈረቃው ሲዘለል ደግሞ ከጎረቤት ጋር ተዋጥተን ቦቴ እናስመጣለን። በዜና ግን ለአዲስ አበባ ውኃ ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ተገኘ ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ገንዘቡ የት ገባ? መንግሥት ካልቻለስ ሥራውን አቅም ላለው የውጭ ኩባንያ ለምን አይሰጠውም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ገንዘቡ የት እንደገባ ለማወቅ አስቀድሞ ብድሩ ምን እንዲሠራበት እንደተፈረመ መመልከት ያስፈልጋል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ያጸደቀውን 445 ሚሊዮን ዶላር እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ይህ ገንዘብ ለአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ለሌሎች 22 ከተሞችም የተመደበ ነው፤ ከውኃ አቅርቦት በተጨማሪም የፍሳሽ አወጋገድን፣ የብክነት ቅነሳንና የውኃ መሥሪያ ቤቶችን አቅም ግንባታ ያቀፈ ነው። ቀደም ባለው የባንኩ ብድር የተስፋፋው የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ደግሞ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ የማጣራት አቅም አለው። ይህ ከአቃቂ ወንዝ በታች ለሚኖሩ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው፤ እርስዎ አራተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧ ሲከፍቱ ግን የሚታይዎት ነገር የለም። በዜና «ለውኃ» ተብሎ የተነገረው ገንዘብ በአብዛኛው እንዲህ ካለው ሥራ ላይ የዋለ ነው።

ትልቅ ብድር የሚስማማው ትልቅ ሥራ ነው። አንድ ግድብ ወይም አንድ ማጣሪያ በአንድ ጨረታ ወጥቶ፣ ለአንድ ተቋራጭ ተሰጥቶ፣ በተወሰነ ቀን ተመርቆ ሒሳቡ ይዘጋል፤ አበዳሪውም ምን እንደሠራ በፎቶግራፍ ማሳየት ይችላል። ከዋናው መስመር እስከ እርስዎ ብሎክ ያለው ሥራ ግን በሺህ የሚቆጠር ጥቃቅን ነገር ነው። የግፊት ቀጠናዎችን መለየት፣ ከፍ ባለ ቦታ ማጠራቀሚያ መገንባት፣ የሚያፈስ ቫልቭ መቀየር፣ ፓምፕ መትከልና የመብራቱን ሒሳብ በየወሩ መክፈል የሚያስመርቅ ሥራ አይደለም፤ ስለዚህም በአብዛኛው ለከተማዋ የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የራስ ገቢ ይተዋል፤ ያ ገቢ ደግሞ ሁልጊዜ ያጥረዋል።

የከተማዋ አቀማመጥም ጉዳዩን ያከብደዋል። አዲስ አበባ ውኃዋን የምታገኘው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከጉድጓዶች ነው። ከጉድጓዶቹ ዋነኛ የሆኑት የአቃቂ ጉድጓዶች የሚገኙት በከተማዋ ዝቅተኛ ጫፍ ስለሆነ፣ ከዚያ የሚወጣው ውኃ በፓምፕ እየተገፋ ሽቅብ መውጣት አለበት፤ መብራት በሄደ ቁጥር ውኃውም አብሮ ይሄዳል። በዚህ ላይ በዳር ያሉት የጋራ መኖሪያ መንደሮች ቤቱ ቀድሞ የተሠራባቸው፣ የውኃ መስመሩ በኋላ የተከተለባቸው ናቸው። ስለዚህ የእርስዎን የፎቅ ችግር የሚፈታው አዲስ ግድብ ላይሆን ይችላል። በመንደሩ ውስጥ የሚሠራ የምድር ማጠራቀሚያና ውኃውን ወደ ላይ የሚያነሳ ፓምፕ በብዙ ቦታ ይበቃል፤ ወጪውም ከብድሩ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የጠፋው ፓምፑ ከተተከለ በኋላ ባለቤቱ ማን እንደሚሆን፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው፣ የመብራቱን ሒሳብ ባለሥልጣኑ ይክፈል ወይስ የነዋሪዎች ማኅበር የሚለው ስምምነት ነው። ማኅበራችሁ ደብዳቤ የሚጽፍ ከሆነ፣ «ውኃ ይሰጠን» ከማለት ይልቅ ይህን ለይቶ ቢጠይቅ መልስ የማግኘት ዕድሉ የሰፋ ይመስለኛል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ እንለፍ። የውኃ አገልግሎት ወጪ ዞሮ ዞሮ የሚከፈለው ከሦስት ኪስ ብቻ ነው፤ ተጠቃሚው ከሚከፍለው ታሪፍ፣ መንግሥት ከሚሰበስበው ግብር፣ ከውጭ ከሚገኝ ስጦታ። የግል ኩባንያ ይዞት የሚመጣው ካፒታል አራተኛ ኪስ አይደለም፤ ዛሬ ወጥቶ ነገ ከነትርፉ ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱ የሚመለስ ገንዘብ ነው። ኩባንያው ሊያተርፍልን የሚችለው ብክነት በመቀነስ፣ ቢል በወቅቱ በመሰብሰብና ሥራ በማቀላጠፍ ነው። ይህን ካላደረገ፣ መንግሥት የማይጠይቀውን ትርፍ የሚጠይቅ ሌላ አበዳሪ ብቻ ይሆናል።

የሌሎች አገሮች ልምድ ይህንኑ ያሳያል። በቦሊቪያ ኮቻባምባ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካው ቤክቴል ድርሻ ለነበረበት ኩባንያ የ40 ዓመት ውል ተሰጠ፤ ውሉ ለባለሀብቶቹ በዓመት ከ15 በመቶ ያላነሰ ትርፍ የሚያረጋግጥ ስለነበር ታሪፉ ወዲያው ናረ። በከተማዋ ዳር በራሳቸው መዋጮ ጉድጓድ ቆፍረው ይጠቀሙ የነበሩ ማኅበራት ደግሞ ጉድጓዳችን በኩባንያው ሥር ሊወድቅ ነው ብለው ሰጉ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ በሚያዝያ 2000 እ.ኤ.አ. ውሉ ተሰረዘ። ሴኔጋል በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራውን ለሁለት ከፈለችው፤ ግድቡ፣ ማጣሪያውና ዋናው መስመር በመንግሥት ድርጅት እጅ ቆዩ፣ የዕለት ተዕለት አገልግሎቱንና ቢል መሰብሰቡን የግል ድርጅት ያዘ። ትልቁን ግንባታ በለጋሾች ብድር የሚሸፍነው መንግሥት ስለነበረ ኩባንያው የሚመለከተው አገልግሎቱን ብቻ ነበር፤ አሠራሩም ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ዘልቋል። ሩዋንዳ ደግሞ ሌላ መንገድ መርጣለች። እ.ኤ.አ. በ2021 ኪጋሊ አቅራቢያ ሥራ የጀመረውና በቀን 40,000 ሜትር ኩብ የሚያመርተው ማጣሪያ በግል ኩባንያ የተገነባ ነው፤ ኩባንያው ግን ውኃውን የሚሸጠው ለመንግሥት የውኃ ድርጅት እንጂ ለነዋሪው አይደለም።

ካምቦዲያን ሳንጠቅስ ብናልፍ ደግሞ ሥዕሉ ይዛባል። የፕኖም ፔን የውኃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 ከሚያመርተው ውኃ 72 በመቶ ያህሉ ገቢ የማያስገኝ ነበር፤ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ሳይሞሉት ብክነቱን ወደ 6 በመቶ ገደማ አወረደው። መሥሪያ ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ገንዘቡ የመጣው ከዓለም ባንክ፣ ከእስያ ልማት ባንክ፣ ከጃፓንና ከፈረንሳይ ነው። ለውጡን ያመጣው ሁሉም ቤት ቆጣሪ እንዲኖረው መደረጉ፣ ባለሥልጣናትና ወታደሮች ሳይቀሩ ቢል እንዲከፍሉ መገደዳቸውና ሠራተኛው በውጤቱ መመዘኑ ነው። ይህን ለማድረግ ባለሀብት መሆን አያስፈልግም፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከበላይ እጅ እንዳይጠመዘዝበት የሚያደርግ ሥልጣን ግን ያስፈልጋል።

በእኔ አስተያየት በዳር አካባቢ «የግል ይግባ ወይስ አይግባ» የሚለው ክርክር ጊዜው ያለፈበት ነው፤ የግሉ ገብቷል። ቦቴው የግል ነው፣ በየሰገነቱ የተሰቀለው ሮቶ በየቤተሰቡ ገንዘብ የተገዛ ነው፣ በጋሪ ጀሪካን የሚያዞረው ልጅም ነጋዴ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል፤ ጀሪካኑን በ10 ብር ሒሳብ የሚገዛ ቤተሰብ ለአንድ ሜትር ኩብ 500 ብር ከፈለ ማለት ነው። ቢልዎን ያውጡና ባለሥልጣኑ ለአንድ ሜትር ኩብ የጠየቀዎትን ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ዋጋውን የሚቆጣጠር የለም፤ ቦቴው ውኃውን ከየት እንደቀዳ፣ ታንከሩ ከዚያ በፊት ምን ጭኖ እንደነበር የሚጠይቅ የለም። የውጭ ኩባንያ ይምጣ ከማለታችን በፊት ያለውን የግል ሻጭ መመዝገብ፣ መቅጃ ቦታ መስጠትና ዋጋውን በይፋ መለጠፍ ይቻላል፤ ይህ ብድር አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ የቃሊቲ ነዋሪ ጡረተኛ መምህር ነኝ። ዕርዳታ የሚባለው ስጦታ ነው ወይስ ዕዳ? ዕዳ ከሆነ ዶላር ሲወጣ ጭማሪውን የሚሸከመው ማን ነው? ገንዘቡን የሚሰጡትስ በውሳኔያችን ውስጥ ምን ያህል ይገባሉ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ «ዕርዳታ» በሚል አንድ ስም የሚጠራው ገንዘብ ሦስት ዓይነት ነውና ግራ መጋባትዎ አያስገርምም። እንደ ዩኒሴፍ ባሉ ድርጅቶችና እንደ ፊንላንድ ባሉ መንግሥታት በኩል የሚመጣው በአብዛኛው ስጦታ ነው። ፊንላንድ በአማራ ክልል ገጠር የጀመረችውና የቀበሌው ሕዝብ ገንዘቡን በብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ራሱ ተረክቦ የውኃ ተቋሙን የሚያሠራበት ዘዴ ለምሳሌ ስጦታ ነው። የዓለም ባንክ አካል የሆነው ዓለም አቀፍ የልማት ማኅበር የሚሰጠው ደግሞ ብድር ነው፤ ሆኖም ወለዱ እጅግ አነስተኛ ነው፣ መክፈያውም ዐሥርት ዓመታትን የሚወስድ ሆኖ የእፎይታ ጊዜ አለው፤ የዕዳ ጫናው ላሰጋው አገር በስጦታ መልክ የሚሰጥበት ጊዜም አለ። ሦስተኛው እንደ ቻይና ኤክዚም ባንክ ያሉ ተቋማት ብድር ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ሥራውን የአበዳሪው አገር ተቋራጭ እንዲሠራው ይጠይቃል። ዜናው «ድጋፍ» ሲል ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የምንዛሪው ጥያቄዎ ከሁሉም የከበደ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተፈቀደ በኋላ፣ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ገባ። የ10 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ በብር ሲሰላ ከ570 ሚሊዮን ወደ አንድ ቢሊዮንና ከዚያ በላይ ከፍ አለ ማለት ነው፤ በቧንቧው ላይ የተጨመረ አንድ ሜትር ግን የለም። ጭማሪውን የሚሸከመው የሚወሰነው የፌዴራል መንግሥት ገንዘቡን ለከተማው ሲያስተላልፍ በፈረመው ውል ነው። ገንዘቡ በድጋፍ መልክ ወይም በብር ብድር ከተላለፈ ኪሳራው በገንዘብ ሚኒስቴር ላይ፣ ማለትም በግብር ከፋዩ ላይ ያርፋል። የዶላሩን ዕዳ መሥሪያ ቤቱ ራሱ እንዲሸከም ከተደረገ ደግሞ ታሪፍ ሆኖ ወደ ቤትዎ ይመጣል። የውኃ መሥሪያ ቤት ገቢው በሙሉ በብር ነው፤ ቡና አይልክም፣ ቱሪስት አያስተናግድም። የውጭ ባለሀብትም ይህንኑ ስለሚያውቅ፣ ታሪፉ ከዶላር ጋር አብሮ እንዲወጣ ወይም መንግሥት ዋስትና እንዲሰጠው ሳይጠይቅ አይፈርምም። ስለዚህ የውጭ ገንዘብ ለውኃ የሚያዋጣው ወለዱ በጣም ዝቅ ያለ ወይም የምንዛሪውን አደጋ ሌላ አካል የሚወስድለት ሲሆን ነው ብዬ አምናለሁ።

በውሳኔ ጣልቃ ስለመግባት የጠየቁትን የዳሬሰላም ታሪክ ይመልሰዋል። ታንዛኒያ የዕዳ ቅነሳ ለማግኘት ከተጣለባት ግዴታ አንዱ የከተማዋን የውኃ አገልግሎት ለግል ድርጅት ማስተላለፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የእንግሊዝና የጀርመን ድርጅቶች ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር የመሠረቱት ኩባንያ የ10 ዓመት ውል ወስዶ ሥራ ጀመረ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በግንቦት 2005 እ.ኤ.አ. መንግሥት ኩባንያው የገባውን ግዴታ አልተወጣም ብሎ ውሉን አቋረጠ። ጉዳዩ ወደ ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ሄዶ፣ ዳኞቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ታንዛኒያ የኢንቨስትመንት ስምምነቱን ጥሳለች ቢሉም ካሳ ግን አልፈረዱባትም። ለታንዛኒያ ችግር አንዱ ምክንያት ለራሷ ብላ ያልመረጠችውን ውል መፈረሟ ይመስለኛል። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ፣ የገጠር ታሪፍ የጥገናና የሥራ ማስኬጃ ወጪን፣ የከተማ ታሪፍ ደግሞ ሙሉ ወጪን እንዲሸፍን ይላል። አበዳሪዎች ይህን ሐሳብ ይወዱታል፤ ሰነዱ ግን የእኛው ነው፤ ታሪፍ ሲጨመርም «ፈረንጆቹ አስገድደውን» ማለት ሙሉ እውነት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ሃና ማርያም አካባቢ ተከራይ ነኝ። በግቢው ውስጥ አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ እንጠቀማለን፤ ባለቤቲቱ ቢሉን አካፍለው ያስከፍሉናል፤ ሁልጊዜም ውድ ነው። ውኃ ሰብዓዊ መብት ነው ይባል የለም እንዴ?

መልስ፦ እህታችን፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሐምሌ 28 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ውኃና የንጽሕና አገልግሎት ሰብዓዊ መብት መሆናቸውን በ122 ድጋፍ ወስኗል፤ ተቃውሞ አልነበረም፤ ኢትዮጵያ ድምፅ ተአቅቦ ካደረጉት 41 አገሮች አንዷ ነበረች። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ንጹሕ ውኃ ለሁሉም እንዲዳረስ ፖሊሲዎች ያልማሉ ይላል። መብት መሆኑ ግን በነፃ ይሰጣል ማለት አይደለም፤ ማንም በዋጋው ምክንያት እንዳይገለል ያስገድዳል ማለት ነው።

የእርስዎ ግቢ የገጠመው ችግር ከታሪፉ አወቃቀር የመነጨ ነው። በአዲስ አበባ ታሪፉ በእርከን የሚወጣ ሲሆን፣ ጥቂት ለሚጠቀም ሰው ዋጋው ዝቅ እንዲል፣ ብዙ ለሚጠቀም ከፍ እንዲል ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ቆጣሪው ግን የሚያነበው ሊትር እንጂ የቤተሰብ ብዛት አይደለም። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ድምሩ ከፍተኛውን እርከን ይነካና፣ ለድሃ የታሰበው ዝቅተኛ ዋጋ ብቻቸውን በአንድ ቤት ለሚኖሩ ሰዎች ይደርሳል። የእናንተ ግቢ ብዙ ገንዳ ያለው ሀብታም ይመስል ይቆጠራል። ከጎረቤት ቧንቧ የሚገዙ ሰዎችም የሚገጥማቸው ይኸው ነው፤ ሻጩ የከፍተኛውን እርከን ዋጋ ከነትርፉ ያስከፍላቸዋል።

ለዚህ ነው የዕርዳታ ገንዘብ ታሪፍን በጅምላ ከመደጎም ይልቅ አዲስ ቆጣሪ ለማስገባት ቢውል የተሻለ ነው የምለው። ሴኔጋል በለጋሾች ገንዘብ በድሃ ሰፈሮች የመስመር ማስገቢያ ክፍያን ደጉማለች፤ በካምፓላም ገንዘቡ የሚለቀቀው ቤቱ መስመር ገብቶለት ውኃ ማግኘቱ ከተረጋገጠ በኋላ እንዲሆን የተደረገበት ፕሮጀክት ነበር። ቆጣሪ አንዴ ከገባ ቤተሰቡ ለዓመታት በራሱ ይከፍላል፤ የታሪፍ ድጎማ ግን በየዓመቱ መታደስ አለበት። ለአሁኑ በቆጣሪው ላይ የሚኖሩትን ቤተሰቦች ብዛት ጠቅሳችሁ፣ ባለቤቲቱ በፊርማቸው አረጋግጠውላችሁ፣ ለቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ ተጨማሪ ቆጣሪ እንዲፈቀድ ማመልከት ትችላላችሁ። ባለቤቲቱ ፈቃደኛ ካልሆኑ ቢያንስ ዋናውን ቢል የማየት መብት ይኑራችሁ።

ጥያቄ፦ የካ አባዶ የምኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የአሜሪካው ዩኤስኤይድ ተዘግቷል፤ የውኃ ሥራውን ምን ይጎዳዋል?

መልስ፦ ዩኤስኤይድ ከሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ራሱን የቻለ ተቋም መሆኑ አብቅቷል፤ ብሪታንያም እ.ኤ.አ. እስከ 2027 የዕርዳታ በጀቷን ከብሔራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ እንደምታወርድ አሳውቃለች። የአዲስ አበባ ትልልቅ ግንባታዎች በአብዛኛው በባንክ ብድር የሚሠሩ ስለሆነ ጉዳቱ እዚህ ጎልቶ አይታይም። የሚጎዳው የገጠር ጉድጓድ ጥገና፣ የድርቅ ወቅት የቦቴ አቅርቦት፣ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ሽንት ቤት እንዲሁም የባለሙያ ሥልጠና ነው፤ እነዚህ ታሪፍ የማይሰበሰብባቸው ስለሆኑ የግል ባለሀብት ክፍተቱን አይሞላም። መንግሥት በ1994 ዓ.ም. ያቋቋመው የውኃ ልማት ፈንድ ለከተሞች በረጅም ጊዜ የሚመለስ ብድር የሚሰጥ ቢሆንም፣ ብድሩን ሊመልስ የሚችለው ቢል የሚሰበስብ ከተማ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ቡራዩ ውስጥ ሁለት ፍሳሽ ማንሻ መኪናዎች አሉኝ። ሥራው ሞልቷል፤ ነገር ግን ለማራገፍ እስከ ቃሊቲ እነዳለሁ፣ ነዳጁና መንገድ መዘጋጋቱ ትርፌን ይበላዋል። አንዳንዱ በሌሊት ወንዝ ዳር እየደፋ በግማሽ ዋጋ ይሠራል፤ እሱ ጋር መወዳደር አልቻልኩም። ሦስተኛ መኪና ለመግዛት ባንክ ብጠይቅ መያዣ አምጣ አለኝ። መንግሥት «የግል ኢንቨስትመንት» ሲል እንደኔ ያለውን ይጨምራል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሁሉ ያንተ ወደ ነገሩ ሥር የቀረበ መስሎኛል። ስለ ግል ኢንቨስትመንት የሚነገረው በአብዛኛው ስለ ውኃ ነው፤ ስለ ፍሳሽ የሚያነሳ ጥቂት ነው። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ከወጣ ወዲህ ለትልልቅ ፕሮጀክቶች በገንዘብ ሚኒስቴር ሥር የሚመራ ሥርዓት አለ፤ ሥርዓቱ ግን የተዘጋጀው ጥናትና የባንክ ዋስትና ይዞ ለሚቀርብ ኩባንያ እንጂ ሁለት መኪና ላለው ሰው አይደለም። የከተማዋ አብዛኛው ቤት ደግሞ በፍሳሽ መስመር ሳይሆን በጉድጓድና በሴፕቲክ ታንክ የሚጠቀም በመሆኑ፣ ሥራውን የተሸከመው እንደ አንተ ያለው ነው።

የፍሳሽ ነገር ከውኃ የሚለየው ጥቅሙ ለሌላ ሰው በመሆኑ ነው። ውኃ የሚገዛ ሰው የሚጠጣውን ይገዛል። ጉድጓዱን የሚያስመጥጥ ሰው ግን ከግቢው እንዲወጣለት ይከፍላል እንጂ ከዚያ በኋላ የት እንደተደፋ አይጨነቅም፤ የሚጨነቀው በታችኛው ተፋሰስ በአቃቂ ወንዝ ውኃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለማው ገበሬ፣ ያንን ሰላጣ የሚበላው የከተማ ሰውና አባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳር የሚኖረው ነው። በሌሊት የሚደፋው ተወዳዳሪህ ርካሽ ሊሆን የቻለው ወጪውን ለእነዚህ ሰዎች ስላሸከማቸው ነው። ስለዚህ ፍሳሽን ማጓጓዝ የግል ሥራ ሊሆን ይችላል፤ መቀበልና ማጣራት ግን ከማስከፈያ ዋጋ ብቻ ወጪውን ሊመልስ አይችልም። የዕርዳታና የዝቅተኛ ወለድ ብድር ቦታው እዚህ ላይ ነው። አንድ ብር የውጭ ስጦታ ብቻ ቢኖረን ከውኃው ይልቅ ለፍሳሹ ይዋል እላለሁ፤ ለውኃ ሰው እየተቸገረም ቢሆን ይከፍላል፤ ለሌላው ወንዝ ንጽሕና ግን ማንም ከኪሱ አያወጣም።

የዳካር ከተማ ያደረገችው ለአንተ ጉዳይ የሚጠቅም ነው። በጌትስ ፋውንዴሽን ድጋፍ በተካሄደ ፕሮግራም የከተማዋ የፍሳሽ መሥሪያ ቤት የጥሪ ማዕከል አቋቋመ። ጉድጓዱ የሞላበት ሰው ይደውላል፤ ጥሪው ለባለመኪናዎች በስልክ አጭር መልእክት ይደርሳል፤ ባለመኪናዎቹ ዋጋ ያቀርባሉ፤ ዝቅተኛውን ያቀረበ ይሄዳል። በጨረታው የሚገባው የተመዘገበ መኪና ነው፤ ዝቃጩን የሚቀበሉት ጣቢያዎችም እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በውል ለግል ድርጅት ተሰጥተዋል። በእኛ አገር ይህን ለመጀመር ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው በምዕራብ በኩል አንድ ማራገፊያ ነው። ከቡራዩ ተነስቶ ከተማዋን አቋርጦ ቃሊቲ ወይም ኮተቤ ማራገፍ ሕጋዊ የሆነውን ሰው መቅጣት ነው። ቡራዩ አሁን በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በመሆኗ ማራገፊያው በአንደኛው አስተዳደር መሬት ላይ ተሠርቶ በሌላኛው ነዋሪ እንዲገለገልበት ሁለቱ መስማማት አለባቸው፤ የብድር ውል ግን በአስተዳደር ወሰን ላይ ይቆማል፣ ፍሳሹ ወሰን ባያውቅም።

ስለ ባንኩ፦ መኪናው ራሱ መያዣ የሚሆንበት የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ አሠራር አለ፤ ድርጅቱ መኪናውን ገዝቶ በኪራይ ይሰጥሃል፣ ክፍያውን ስትጨርስ ስሙ ወደ አንተ ይዛወራል። በክልልና በከተማ ደረጃ ይህን የሚሠሩ ተቋማት ስላሉ በመጀመሪያ ወደዚያ መሄድ ይበጃል። ከመሄድህ በፊት ግን ያለፈው አንድ ዓመት የሥራ መዝገብ አዘጋጅ፤ በየቀኑ ስንት ጉዞ እንዳደረግህ፣ በየት እንዳራገፍህ፣ የማራገፊያ ደረሰኝህን ከነቀኑ። የማራገፊያ ደረሰኝ ያለው ባለመኪና በወንዝ ከሚደፋው የሚለይበት ብቸኛ ወረቀት ይኸው ነው፤ አበዳሪውም፣ ነገ ምዝገባ ቢጀመር የከተማው መሥሪያ ቤትም፣ መጀመሪያ የሚጠይቁህ እሱን ነው።